የመምህር ጎኑስ ጠረጴዛ

እኛ ቤት ሙሉ ሳሙና ውሎ አድሮ አያውቅም። ገዝቼ ስገባ ሙሉ ነው። ጠዋት ልታጠብበት ስነሳ ግን አንድ ጥጉ ተቆርጦ ደረጃ ሆኗል፣ ወይ መሀሉ ተቦርቡሮ ቦይ ወጥቶለታል፣ ወይ ደግሞ እንደ ቤት ጣሪያ ዘመም ብሎ ተቀምጧል። ይህን የሚያደርገው ባለቤቴ ነው። በሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የቴክኒክ ሥዕል ያስተምራል፤ ለተማሪዎቹ ማሳያ የሚሆኑትን ቅርጾች የሚቀርጸው ከልብስ ሳሙና ነው። እንጨት ይጠነክራል ይላል፣ ድንች ይጠቁራል ይላል፤ ሳሙና ግን ለቢላ ይታዘዛል፣ ጠርዙም ንጹሕ ነው ይላል። ንጹሕ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፣ ሳሙና ነዋ። እንግዳ እጁን ሊታጠብ ገብቶ ደረጃ የተሠራለት ሳሙና ያገኝና ይዞት ይወጣል። "ይሄ ምን ሆኖባችሁ ነው?" ይለኛል። "ምንም አልሆነም፣ የቤት ሥራ ነው" እለዋለሁ።

ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም "ጎኑስ" ነው። አንድ ዕቃ ከፊት ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሠርተው ያሳዩታል፤ እሱ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ያወርድና "እሺ፣ ጎኑስ?" ይላል። ከፊትና ከላይ ያለውን ማንም ይሠራዋል፣ ሥዕል የሚችል ሰው የሚለየው ዕቃውን ሳይነካ፣ ከወንበሩም ሳይነሳ፣ በሐሳቡ ዞሮ ጎኑን ማየት ሲችል ነው ባይ ነው። ስሙን እኔም ወድጄዋለሁ። በደህናው ቀን አንተዬ እለዋለሁ፤ የተናደድኩ ለታ ግን "መምህር ጎኑስ" ብዬ እጠራዋለሁ፣ ያኔ ነገር እንዳለ ይገባውና መነጽሩን መጥረግ ይጀምራል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተዋወቅነውም ኮት ሊያሰፋ መጥቶ ነው። ሰፍቼ ጨርሼ አለበስኩትና መስታወቱ ፊት አቆምኩት። ሌላ ደንበኛ ከፊት ያያል፣ ዞር ብሎ ጀርባውን ያያል፣ ተመስገን ብሎ ይሄዳል። ይሄ ግን በጎኑ ቆመ። ክንዱን አንሥቶ ብብቱ ሥር ያለውን ስፌት ፈለገና "እህቴ፣ ጎኑስ?" አለኝ።

"ጎኑ ምን ሆነ?"

"ከፊትም ከኋላም ልክ ነው። ጎኑ ላይ ግን ስፌቱ ወደ ኋላ ሸሽቷል።"

ደሜ ፈላ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን እውነቱን ነው፣ ሸሽቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ የኮት ጎን የሚያይ ወንድ አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ፈትቼ ሰፋሁለት። ከዚያ ሱሪ ይዞ መጣ፤ ከዚያ ምንም ያልሆነ ሸሚዝ ይዞ መጣና ምን ልሥራው ስለው አጣጥፎ ይዞት ሄደ። ከሸሚዙ በኋላ ሽማግሌ ላከ።

የሠርጋችን ዕለት ደግሞ ፎቶ አንሺውን ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከላይም አንሣን ብሎ ቁም ስቅሉን አሳየው። ከፊት የተነሣነው የሰው ፎቶ ይመስላል። ከጎን በተነሣነው ላይ እኔ ሙሽራውን ሙሉ በሙሉ ስለሸፈንኩት ብቻዬን ያገባሁ ነው የምመስለው። ከላይ ያለውን ሰውየው ደረጃ ላይ ወጥቶ ነው ያነሣን፤ እዚያ ላይ የሚታየው የእኔ ቬሎና የእሱ መላጣ ነው። አናቱ መሳሳት መጀመሩን ያወቅኩት በዚያ ፎቶ ነው። ቀደም ብሎ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ምን እወስን እንደነበር እንጃ።

ሳሎናችን ጠባብ ናት። ያለን አንድ ጠረጴዛ ነው፤ እንበላበታለን፣ እኔ ጨርቅ እቆርጥበታለሁ፣ እሱ ይሥልበታል። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የእሱ ነው። መብራቱ በዚያ በኩል ነው፣ ረጅሙ ማስመሪያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው በዚያ በኩል ነው፣ እርሳሶቹም በዚያው ናቸው። በእሱ በኩል ማንም አይቀመጥም። ይሄ የቤቱ ሕግ ነው። ክርኑ ከተነካ መስመሩ ይጣመማል፣ መስመሩ ከተጣመመ ደግሞ ያ ቀን ለሁላችንም የተጣመመ ነው። እኔ ራሴ ሚስቱ እንኳ እዚያ በኩል ተቀምጬ አላውቅም።

ልጃችን ስትወለድ ሕጉ ለእሷም ደረሳት። መቀመጥ ስትችል ከፊት ለፊቱ ባለው ወንበር ላይ ትራስ ደራርበን አስቀመጥናት፤ በዚያው አደገች። እሱ ይሥላል፣ እሷ አገጯን ጠረጴዛው ላይ ጥዳ ታየዋለች። ሥራ ያልበዛበት ቀን አዲስ የቀረጸውን ሳሙና በመሀላቸው ያቆመውና ያጫውታታል።

"ይሄ ግድግዳ ነው?" ትለዋለች።

"ደረጃ ነው።"

"ደረጃው የት አለ?"

"በእኔ በኩል።"

"ማን ይወጣበታል?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን ሠራኸው?"

"ጎኑን ለማየት።"

እንዲህ ያለ መልስ ሰምታ የምትረካ ሕፃን እሷን ብቻ ነው ያየሁት። እኔ ልብሴን እየሰፋሁ በሆዴ እስቅ ነበር።

ሚጡ ነው የምንላት፤ ዛሬ በቁመት ብትበልጠኝም ስሙ አልለቀቃትም። ሌላው ልጅ ጫማ አማረኝ ሲል እሷ "እማዬ፣ የስፌት መኪናሽን ልፍታው?" ነበር ጥያቄዋ። እኔ ገበያ በወጣሁበት ፈታችው። ስመለስ ገጥማዋለች፣ አንድ ብሎን ግን ተርፏታል። ልጮህ አፌን ከፍቼ መኪናውን ብሞክረው ከድሮው ለስለስ ብሎ ሰፋ። ብሎኑ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ የት እንደነበረ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቧ የማሽን ክፍል ገባ። ማሽን እሠራለሁ፣ ሌላ ምንም አልሠራም አለች።

አባቷ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የቴክኒክ ሥዕል ፈተና አለ። ያለፈ የማሽን ክፍል ይገባል፤ የወደቀ አንድ ጊዜ ድጋሚ ይፈተናል፤ ድጋሚውን ከወደቀ ማሽን የሚባለውን ነገር ይረሳና ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። አባት ልጁን አያስተምርም፣ አይፈትንም ስለተባለ የሚጡን ክፍል የያዘችው ባልደረባው ናት። ረጋ ያለች፣ ቃሏን መጥና የምትናገር ሴት ናት፤ ቀሚሷን የምሰፋላት እኔ ነኝ።

ሚጡ ወደቀች። እንዲያው ቢወድቁስ እንዲህ ይወደቃል? የፊት እይታው ሁሉ ልክ ነው። የላይ እይታው ሁሉ ልክ ነው። የጎን እይታ የተባለ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተገለበጠ። ከግራ ሲታይ ምን ይመስላል ተብሎ ሲጠየቅ ከቀኝ የሚታየውን ሠርታለች፤ ወደ ቀኝ መውረድ ያለበት ደረጃ ወደ ግራ ይወርዳል። መስመሩ ውብ፣ ልኩ ውብ፣ ዞሮ የቆመ ብቻ። መምህርቷ ከሥሩ በቀይ "ሥራሽ ንጹሕ ነው። ግራ ግን የት ነው?" ብላ ጽፋበታለች።

የጎኑስ ልጅ በጎን ወደቀች፤ አስቡት። የአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ የሚያሾፍ አልጠፋም። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት ሲገባ ኮቱን እንኳ በወጉ አልሰቀለም፣ ያንኑ እኔ የሰፋሁለትን ኮት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፣ የፈተናውን ወረቀት ዘረጋ፣ እሷም ከፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። ደረጃ የሆነውን ሳሙና መሀል ላይ አቆመው።

"ግራሽ የቱ ነው?" አላት።

ግራ እጇን አነሣች።

"ታዲያ አንቺ የሠራሽው ከግራ የሚታየውን ነው?"

"አዎ አባዬ።"

"ይሄ ከቀኝ ነው።"

"ከግራ ነው።"

"ልጄ፣ አስተማሪው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ግን ከግራ ነው።"

እኔ በጠረጴዛው ጫፍ እጅጌ እገጥማለሁ። አንዱ ሲናገር አየዋለሁ፣ ሌላዋ ስትናገር አያታለሁ፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። በማግስቱ ያው ክርክር፣ በሦስተኛው ቀን ያው ክርክር። ምናልባት አንሶባት ይሆናል ብሎ ትልልቅ ሳሙና ይቀርጽ ጀመር። እኔ በዚያ ሰሞን ልብስ ያጠብኩት በፍርፋሪ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ታክሲ ነጂ ነው፣ የማያውቀው ነገር የለም። ሊጠይቀን መጥቶ ጉዳዩን ሰማና ሳቀ። "ይሄማ ቀላል ነው" አላት ሚጡን። "እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው በመስታወት ነው። መስታወት ውስጥ ሁሉም ነገር ግልብጥ ነው፤ ለምጄዋለሁ። አንቺም በሐሳብሽ የመጣልሽን ገልብጠሽ ሥሪው፣ በቃ።"

እውነትም በዚያ ቀን የሠራችው ሁሉ ልክ መጣ። ባለቤቴ ደስታው ልክ አጣ፤ ወጥቶ አዲስ ሳሙና ገዛና ሳይቆርጥ፣ ሙሉውን፣ በእጄ ሰጠኝ። ከጋብቻችን ቀለበት ቀጥሎ የሰጠኝ ትልቁ ስጦታ እሱ ነው።

ደስታው ግን አልቆየም። በሳምንቱ የመለማመጃ ፈተና አውጥቶ ሰጣት። ልጄ የመጀመሪያውን ገለበጠችው። ሁለተኛውን ገልብጣ ስታበቃ፣ ቀድሞውንስ የመጣልኝ የተገለበጠው ቢሆንስ ብላ ተጠራጠረችና መልሳ ገለበጠችው። ከዚያ በኋላ የቱን ገልብጣ የቱን እንደተወች ለራሷም ጠፋት። ድሮ ቢያንስ ስህተቷ አንድ ዓይነት ነበር፤ አሁን ምኑም የማይታወቅ ሆነ። ወንድሜም በዚያው ሰሞን ታክሲውን ወደ ኋላ ሲነዳ የጎረቤታችንን አጥር ገጭቶ ጣለ። መስታወት ለምጃለሁ ያለው ሰው።

ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ ቢጮህ በተሻለ። አልጮኸም። እርሳሱን አስቀመጠና ቀስ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ ምናልባት ይሄ ነገር ላንቺ አልተፈጠረ ይሆናል" አላት።

እሷም እርሳሶቿን ሰብስባ ተነሣች። ጠዋት ላይ ለእኔ ብቻ "እማዬ፣ ድጋሚውን አልፈተንም። ከወዲሁ ወደ ሌላ ክፍል ብዛወር ይሻለኛል" አለችኝ። ቅስሟ ተሰብሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቧን ይዛ ወደ መኝታ ክፍል መግባት ጀመረች፤ እሱ ደግሞ ትምህርት በሌለበት ቀን ሳይቀር ትምህርት ቤት እየሄደ ይውላል። አንድ ማታ ቤት ሲገባ ልቆጣው ተዘጋጅቼ ብከተለው መታጠቢያው ጋ ቆሞ ሳሙናውን በእጁ እያገላበጠ ያየዋል፣ ውሃውን ሳይከፍት። እንዲህ ሆኖ ሳየው ቁጣዬ ግማሹ ጠፋ፤ ግማሹን ግን አስቀመጥኩት።

እሑድ ከሰዓት ነው። ድጋሚው ፈተና በሚመጣው ሳምንት ነው። እሱ እንደ ልማዱ ወጥቷል። እኔ ጠረጴዛው ላይ የደንበኛ ካፖርት ዘርግቻለሁ። ሚጡን ጠራኋትና "በሞቴ፣ መፈተኑን ተዪው፤ ለእኔ ብቻ አንዴ አሳይኝ፣ እንዲያው እናትሽ ሳታውቀው ትሙት?" አልኳት። ሳትወድ በግዷ መጣች። ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች። ካፖርቱ ያልያዘው ቦታ የእሱ ወንበር ብቻ ስለሆነ እኔ እዚያ ተቀመጥኩ። ሕግ ጣስኩ። ሳሙናው በመሀላችን ቆሟል፣ ደረጃው ወደ እኔ ይወርዳል።

"እሺ፣ ከዚህ ውስጥ ፊቱ የቱ ነው?" አልኳት።

"ያ ወዳንቺ ያለው።"

"በምን አወቅሽ?"

"ፊቱ ሁልጊዜ ወደ አባዬ ያለው ነዋ።"

"ግራውስ?"

ግራ እጇን ዘርግታ በእጇ በኩል ያለውን ጎን ነካች። እኔም ግራ እጄን ዘረጋሁ። የእኔ እጅ ሄዶ ያረፈው በሌላው ጎን ላይ ነው።

ይሄን ስህተት እንዴት አላውቀው? ጀማሪ ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚሠራው ነው። ደንበኛው ፊት ለፊትሽ ይቆማል፣ የደረት ኪስ በግራ በኩል አድርጊልኝ ይልሻል፣ አንቺ በራስሽ ግራ በኩል በጠመኔ ታመለክቻለሽ፣ ኪሱ ቀኝ ደረቱ ላይ ሄዶ ይሰፋል። ልጄ ፊቱን በአባቷ ትይዛለች፣ ግራውን በራሷ ትይዛለች። እንዲህ አድርጎ የያዘው ሰው ጎኑ ሁሉ ይገለበጥበታል። ግልብጡ የሳሙናው አይደለም፣ የአቀማመጧ ነው።

"ወረቀት ላይ ሲሆንስ?" አልኳት። "ወረቀት ላይ ማንም የለም እኮ ሚጡዬ።"

አንገቷን ደፋች። "አለ" አለች። "ሥዕሉን ሳየው አባዬ እዚያ ማዶ ቁጭ ብሎ ያየዋል። እኔ እዚህ ነኝ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚመጣልኝ።"

እንባዬ መጣ። ትንሽ ልጅ ሳለች አገጯን ጥዳ "ደረጃው የት አለ?" ስትል፣ እሱም "በእኔ በኩል" ሲላት፣ እኔ ስስቅ ትዝ አለኝ። ልጅቷ ከምር ነበር የምትጠይቀው። በእሷ በኩል ግድግዳ ነበር የሚታያት።

ነገሩን እዚያው ልነግራት እችል ነበር። ግን ያን "አልተፈጠረ ይሆናል" ያለውን ቃል እኔ ላነሣው አልችልም፤ የጣለው ራሱ ያንሣው። ስለዚህ ሚጡን "ሂጂና ሳሙና ገዝተሽ ነይ" ብዬ ላክኋት። እሷ ስትወጣ እሱ ገባ፤ ደጅ ላይ ተላለፉ፣ አልተነጋገሩም።

"መምህር ጎኑስ" አልኩት።

መነጽሩን አወለቀና መጥረግ ጀመረ።

"እዚያ ተቀመጥ።" የሚጡን ወንበር አሳየሁት።

"ያ የእሷ ወንበር ነው።"

"አውቃለሁ። ተቀመጥ።"

ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጠረጴዛው እግር ጋር ተጋጨ። እዚያ በኩል እግር መኖሩን አያውቅም ነበር። እያሸ ሳለ ወረቀትና እርሳስ ሰጠሁት። "ይሄን ሳሙና ከግራ ሲታይ ሥራልኝ። ፊቱ ያው የዱሮው ፊቱ ነው፣ በወንበርህ በኩል ያለው።"

ይሄ ደግሞ ምኑ ከባድ ነው በሚል ሁኔታ እርሳሱን አነሣ። ግራ እጁ ሳያውቀው ወደ ሳሙናው ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። ሳሙናውን አየ፣ እጁን አየ፣ ማዶ ያለውን የራሱን ባዶ ወንበር አየ። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ማሳረፍ አቃተው።

"ምን ይታይሃል?" አልኩት።

"ወንበሬ።"

"ሌላስ?"

"ግድግዳ" አለ። "ደረጃው ከዚህ አይታይም።"

"እሷም ያንኑ ነበር የምትልህ። ሰውን ሁሉ ጎኑስ፣ ጎኑስ እያልክ ስትነዘንዝ አንድ ቀን እንኳ ዞረህ እዚህ አልተቀመጥክም። ልጅቷ ሥዕል ስታይ አንተን ከማዶ ታስቀምጥሃለች። ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ።"

ያስቀመጥኩት የቁጣ ግማሽ ገና አላለቀም ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ነገር አዘጋጅቼለት ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ዋጥኩት። በትዳር ዘመናችን እንዲያ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሚጡ ሳሙናውን ይዛ ገባችና አባቷን በራሷ ወንበር ላይ ስታየው በሩ ላይ ቀረች። እሱ ተነሣ። ወንበሯን አነሣና ወደ መስኮቱ በኩል ይዞት ዞረ። በጠረጴዛውና በግድግዳው መሀል አላስገባ አለው። ገፋው፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ ጠረጴዛውን ከነካፖርቱ ሳበው፤ ካፖርቱ መሬት ወረደ፣ መርፌዎቼ ተበተኑ፣ ረጅሙ ማስመሪያ ከግድግዳው ወርዶ መላጣውን መታው። ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ ይፈርስ ነበር። ወንበሯን ከወንበሩ ጎን አስቀመጠና በመዳፉ ጠረገው።

"ነይ" አላት።

"ሕጉስ?" አለች።

"የምን ሕግ?"

መጥታ ተቀመጠች፣ ክርኑን እንዳትነካ ተኮማትራ። እሱ ሳሙናውን እያየ ተናገረ እንጂ እሷን ማየት አልቻለም። "ያን ቀን ያልኩሽ ነገር ልክ አልነበረም። ላንቺ ተፈጥሯል። ማዶ አስቀምጬሽ ከዚህ በኩል የሚታየውን ስጠይቅሽ የኖርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።"

እኔ መርፌ እየለቀምኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

"ፊቱ የቱ ነው?" አላት።

"ወደ እኛ ያለው" አለች።

"ግራውስ?"

ሁለቱም ግራ እጃቸውን አንድ ላይ ሰነዘሩ። የእሱ ክንድ የእሷን አፍንጫ ሊያጣምመው ምንም አልቀረውም፤ እጆቻቸው ግን በአንድ ወገን ነበር ያረፉት። ሚጡ ሳሙናውን ትኩር ብላ አየችውና "አባዬ፣ ደረጃው ይታያል" አለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አብረው ተቀምጠው ሠሩ። እሷ ክርኑን ትነካለች፣ መስመሩ ይጣመማል። በመጀመሪያው ጊዜ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጠበቅኩ። መስመሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ላጲሱን አነሣና አጠፋው፤ እንደገና አሰመረ። መኪናዬን መልሼ አስነሣሁት።

ውጤቱን ያመጣችልን መምህርቷ ናት። ቀሚስ ላስጠብብ ብላ ነው የመጣችው፣ ቀሚሱ ግን ምንም አልሰፋትም። ባለቤቴ ጠረጴዛው ጋ ሳሙና እየቀረጸ እንዳልሰማ ሆኗል፤ ጆሮው ግን ቀይ ሆኗል። ሚጡ ቤት አልነበረችም።

"አልፋለች" አለች መምህርቷ። "አንድም የተገለበጠ የለም።"

እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ አንገቱን ሳያነሣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

"አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ" አለች መምህርቷ። "ፈተናው ላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አግዳሚ ወንበር ሰጥተናል። እሷ ጥጉ ላይ ተጠግታ ተቀመጠች፣ ግማሽ አካሏ ውጪ ነው። 'ልጄ፣ ወደ መሀል ግቢ እንጂ፣ ትወድቂያለሽ፤ ሌላ ሰው አይመጣም' አልኳት። 'ይሁን መምህር፣ ቦታው የአባዬ ነው' አለችኝ።"

ባለቤቴ ቢላውን አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ፣ ግን አልጠረገውም። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ያሽ ጀመር።

"ሳሙና ገባብኝ" አለ።

ያ ሳሙና ውሃ ነክቶት የማያውቅ ድርቅ ያለ ሳሙና ነው። አልተከራከርኩትም። ከእጁ ወስጄ "ሂድ ታጠብ" ብዬ መልሼ ሰጠሁት። ይዞት ወደ መታጠቢያው ገባ፣ ቶሎም አልወጣም።